«ግደል» የሚለው ትእዛዝ ሳይፈጸም ሲቀር
የማይቋረጡ ሂደቶች ታሪክ ከዩኒክስ እስከ ሊኑክስ

ብዙ ተጠቃሚዎች በጋራ የሚገለገሉበትን ኮምፒዩተር በኃላፊነት የያዘ ባለሙያ አንድ ጉዳይ ሳይገጥመው አይቀርም። አንድ ፕሮግራም ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ መልስ አይሰጥም፤ ሥራውን ጨርሶም አይወጣም። ባለሙያው በመጀመሪያ በለዘበው ትእዛዝ፣ ያ ካልሆነም ማንኛውም ፕሮግራም እንቢ ሊለው በማይችለው በቁጥር 9 የግድያ ምልክት ሊያስወግደው ይሞክራል። ሥርዓቱ ትእዛዙን ያለ አንዳች የስሕተት መልእክት ይቀበላል። የሂደቶቹ ዝርዝር እንደገና ሲታይ ግን ያው ፕሮግራም በነበረበት ቦታ ተገትሮ ይገኛል። ትእዛዙ ዐሥር ጊዜ ቢደገምም ውጤቱ አይለወጥም።

ይህን ያየ ሰው ብዙውን ጊዜ ሥርዓቱ ተበላሽቷል፣ ወይም ፕሮግራሙ ከቁጥጥር ውጪ ሆኗል ብሎ ይደመድማል። ጉዳዩ ግን ከሁለቱም የተለየ ነው። በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም፣ በሙያው ቋንቋ ሂደት ወይም ፕሮሰስ የሚባለው፣ በግድ ሊቋረጥ የማይችልበት ጊዜ እንዲኖር የተደረገው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ታስቦበት ነው። ውሳኔው በቂ ምክንያት ነበረው፤ የተመሠረተበት አንድ ግምትም ነበረው። ምክንያቱ እስከ ዛሬ ጸንቶ ሲኖር ግምቱ ግን ከጊዜ በኋላ ፈርሷል። የማይሞቱት ሂደቶች ታሪክ በመሠረቱ የዚህ ግምት ታሪክ ነው።

ትእዛዙን የሚፈጽመው ማን ነው?

የዩኒክስ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1969 በአሜሪካ አገር በቤል ቤተ ሙከራ በኬን ቶምፕሰንና በዴኒስ ሪቺ ተጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1973 የሥርዓቱ እምብርት፣ ከርነል የሚባለው ክፍል፣ ሲ በተባለው ቋንቋ እንደገና ተጻፈ። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው ስድስተኛው እትም በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ተሠራጨ። የከርነሉ ጽሑፍ ከ10,000 መስመር የማይበልጥ በመሆኑ አንድ ሰው ከዳር እስከ ዳር ሊያነበው ይችል ነበር። በአውስትራሊያ በኒው ሳውዝ ዌልስ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ጆን ላየንስ እ.ኤ.አ. በ1977 በዚሁ እትም ላይ ለተማሪዎቻቸው ያዘጋጁት ማብራሪያ በቅጂ እየተባዛ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ኖሮ፣ በመጽሐፍ መልክ በይፋ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። ስለዚህ የነገሩን አጀማመር ለማወቅ መላ ምት አያስፈልግም፤ ከጽሑፉ ላይ ማንበብ ይቻላል።

በዚያ ጽሑፍ ውስጥ «ኪል» የተባለው ጥሪ፣ ትርጉሙ «ግደል» ቢሆንም፣ በራሱ ማንንም አይገድልም። ሥራው በተፈላጊው ሂደት መዝገብ ላይ የምልክቱን ቁጥር መጻፍ ነው። ሂደቱ በቀላል እንቅልፍ ላይ ከሆነም ይቀሰቅሰዋል። ከዚያ በኋላ የላኪው ድርሻ ያበቃል። ምልክቱን የሚያነበው ተፈላጊው ሂደት ራሱ ነው። የሚያነበውም በማንኛውም ጊዜ ሳይሆን በተወሰኑ ቦታዎች ላይ ሲደርስ ነው፤ ይኸውም በከርነሉ ውስጥ ያለውን ጉዳይ ጨርሶ ወደ ራሱ ፕሮግራም ሊመለስ ሲል፣ ወይም በቀላል እንቅልፍ ላይ ሳለ ነው። ቁጥር 9 ተጽፎበት ካገኘ የመውጫውን ሥራ የሚጀምረው እርሱው ነው። ፋይሎቹን ይዘጋል፤ የያዘውን የሜሞሪ ቦታ ያስረክባል፤ ለወላጁ ሂደት መሞቱን ያሳውቃል።

ትእዛዙ እንግዲህ ከፍርድ ቤት መጥሪያ ጋር ይመሳሰላል። መጥሪያው በተጠሪው ደጃፍ ላይ ሊለጠፍ ይችላል፤ ተጠሪው ከሄደበት ተመልሶ እስካላነበበው ድረስ ግን ጉዳዩ ወደፊት አይሄድም። ዐሥር መጥሪያ ቢለጠፍም የተጠሪውን መንገድ አያሳጥረውም። ሥርዓቱ እንዲህ የተደረገው ያለ ምክንያት አይደለም። ሂደቱ በዚያች ደቂቃ በከርነሉ ውስጥ ምን እንደ ያዘ፣ ምን እንደ ጀመረና ምን እንዳልጨረሰ በትክክል የሚያውቀው በዚያ ቦታ ላይ ያለው የሂደቱ የራሱ ጉዞ ብቻ ነው።

ሁለት ዓይነት እንቅልፍ

አንድ ሂደት ከመሣሪያ ወይም ከሌላ ሂደት አንድ ነገር ሲጠብቅ ፕሮሰሰሩን ለሌሎች ለቆ ይተኛል። በስድስተኛው እትም ውስጥ የመተኛው ሥራ ሁለት ነገሮችን ይጠይቃል። የመጀመሪያው የሚጠበቀው ጉዳይ ምን እንደ ሆነ ሲሆን ሁለተኛው አንድ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ሂደቱ ሲነቃ የሚያገኘውን ተራ ከመወሰኑ ሌላ ከዚያ የሚበልጥ ትርጉም አለው። ከዜሮ በታች ከሆነ ማንኛውም ምልክት እንቅልፉን ሊያቋርጥ አይችልም፤ ዜሮ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ምልክት ሲመጣ ሂደቱ ይቀሰቀሳል።

ቁጥሮቹ በጥንቃቄ የተመደቡ ናቸው። ከዲስክ የሚመጣ መረጃ ለሚጠብቅ ሂደት የተሰጠው ቁጥር ከዜሮ በታች 50 ነው። የፋይሉ መግለጫ እስኪለቀቅለት ለሚጠብቅ ደግሞ ከዜሮ በታች 90 ነው። በአንጻሩ ከተርሚናል ጽሑፍ ለሚጠብቅ 10፣ የልጁን ሂደት መጨረሻ ለሚጠብቅ 40 ተሰጥቷል። የአመዳደቡ ሐሳብ ግልጽ ነው። በተርሚናሉ ፊት የተቀመጠው ሰው ምሳ ሊበላ ሊሄድ ይችላል፤ የእርሱን ጽሑፍ የሚጠብቅ ሂደት መጨረሻው የማይታወቅ ጥበቃ ላይ ስላለ መቋረጥ መቻል አለበት። ዲስክ ግን ምሳ አይበላም። በዘመኑ ከፒዲፒ-11 ኮምፒዩተር ጋር ይሠራበት የነበረው አርኬ05 የተባለው ዲስክ የተፈለገውን ቦታ ለማግኘት በአማካይ 70 ሚሊሰኮንድ ያህል ይፈጅበት ነበር። ስሕተት ቢያጋጥም እንኳ የመሣሪያው አዛዥ ፕሮግራም እስከ 10 ጊዜ ሞክሮ ካልተሳካለት «አልተቻለም» የሚል መልስ ይዞ ተኚውን ይቀሰቅሰዋል።

ከዚህ ላይ ነው ግምቱ ግልጽ ሆኖ የሚታየው። ጥልቁ እንቅልፍ ሁልጊዜ አጭር ነው፤ የሚጠበቀው መሣሪያ በበጎም ሆነ በክፉ መልስ ሳይሰጥ አይቀርም ተብሎ ታስቧል። የዲስኩ አዛዥ ፕሮግራም የጊዜ ገደብ የሚቆጣጠርበት ሰዓት አልነበረውም። መሣሪያው ጨርሶ ዝም ካለ ተኚውን የሚቀሰቅስ ማንም አይኖርም።

መቋረጡ ለምን ተከለከለ?

ጥልቁን እንቅልፍ ማቋረጥ የተከለከለባቸው ምክንያቶች ሦስት ናቸው።

አንደኛው ቁልፍ ነው። አንድ ሂደት የፋይልን መግለጫ ሲያሻሽል ሌሎች እንዳይነኩት ይቆልፈዋል፤ ሌሎቹም ከበር ውጭ ተራቸውን ይጠብቃሉ። ቆላፊው በመካከል ቢጠፋ ቁልፉ ከእርሱ ጋር ይጠፋል። ከዚያ በኋላ ያንን ፋይል የሚፈልግ ሁሉ ከበሩ ላይ ይቀራል። አንዱን ለማስወገድ ሲባል ሃያውን ማሰር ይሆናል።

ሁለተኛው ሜሞሪ ነው። ዲስክና ቴፕ መረጃን የሚያመላልሱት በፕሮሰሰሩ እጅ ሳይሆን በቀጥታ ከሜሞሪ ጋር ነው። መሣሪያው «መረጃውን ከዚህ አድራሻ ላይ አኑር» ተብሎ ከታዘዘ በኋላ የአድራሻው ባለቤት ቢሞትና ቦታው ለሌላ ቢሰጥ፣ መሣሪያው ይህን አያውቅም። የሟቹን መረጃ በአዲሱ ነዋሪ ላይ ይጽፍበታል። እንዲህ ያለው ጉዳት ወዲያውኑ አይታይም፤ ከሰዓታት በኋላ ምንም ባላጠፋ ፕሮግራም ላይ እንደ ተሳሳተ ሒሳብ ወይም እንደ ተበላሸ መዝገብ ሆኖ ብቅ ይላል።

ሦስተኛው ግማሽ ሥራ ነው። ፋይልን ማሳደግ ባዶ ቦታ መውሰድን፣ ቦታውን በፋይሉ መግለጫ ላይ መመዝገብንና መግለጫውን ወደ ዲስክ መመለስን ይጠይቃል። ከእነዚህ ሥራዎች መካከል ላይ ቢቆም፣ ባለቤት የሌለው ወይም ሁለት ባለቤት ያለው ቦታ ሊፈጠር ይችላል።

ቀላሉ እንቅልፍ ሲቋረጥ የሚሆነውን መመልከት ደግሞ ነገሩን ይበልጥ ያብራራል። ከርነሉ የቀረውን መንገድ ሁሉ ዘልሎ ሂደቱን በአንድ ጊዜ ከጥሪው ያስወጣዋል፤ ፕሮግራሙም «ሥራው ተቋርጧል» የሚል የስሕተት ቁጥር ይደርሰዋል። ዝላዩ በመንገድ ላይ የተቆለፈውን ለመክፈት፣ የተወሰደውን ለመመለስ አይቆምም። ስለዚህ የከርነሉ ጸሐፊ ዜሮን ወይም ከዚያ የሚበልጠውን ቁጥር ሊጽፍ የሚችለው ሂደቱ በዚያ ቦታ ላይ ምንም ነገር አለመያዙን ሲያረጋግጥ ብቻ ነበር። ከዜሮ በታች ያለው ቁጥር «ይህ ሰው ዕቃ ተሸክሟል፤ አትግፉት» የሚል ማስጠንቀቂያ ነበር ለማለት ይቻላል።

ሌላ መንገድ ነበርን?

ነበር። ከዩኒክስ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የተጀመረው አይ ቲ ኤስ የተባለው ሥርዓት የተለየ መንገድ ይከተል ነበር። በዚያ ሥርዓት አንድ ሂደት በከርነል ጥሪ ውስጥ ሳለ ቢቋረጥ፣ ጥሪው ወይ እንዲጠናቀቅ ይደረጋል፣ ወይ ወደ ኋላ ተጠቅልሎ ገና እንዳልተጀመረ ይሆናል። ግማሽ የተሠራ ሥራ ለማንም አይታይም። ይህ ግን በየጥሪው ውስጥ ወደ ኋላ የመመለሻ መንገድ እንዲዘጋጅ የሚጠይቅ አድካሚ ሥራ ነበር።

ሪቻርድ ጋብርኤል እ.ኤ.አ. በ1991 ለንባብ በበቃው ጽሑፋቸው የሁለቱን ወገኖች ክርክር ታዋቂ አድርገውታል። አንደኛው ወገን ሥርዓቱ ራሱ ትክክለኛውን ነገር መሥራት አለበት ሲል፣ የዩኒክሱ ወገን የከርነሉ ጽሑፍ ቀላል ይሁን፤ ጥሪው ከተቋረጠ ፕሮግራሙ የስሕተቱን ቁጥር አይቶ እንደገና ይሞክር ይላል። በገበያው ያሸነፈው ቀላሉ ነው። ጥልቁ እንቅልፍ የዚያ ቀላልነት ዋጋ ሆኖ ቀረ። ወደ ኋላ መመለሻ መንገድ በሌለበት ቦታ ሁሉ ሂደቱን ማገድ እንጂ ማስወጣት አይቻልም።

በመካከል ላይ ማቋረጥ የሚያስከትለው ጉዳት በሌሎች ሥርዓቶችም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው ዊንዶውስ ኤንቲ ከዩኒክስ የተለየ አሠራር ቢኖረውም፣ ወደ መሣሪያ የተላከ ጥያቄ መልስ እስኪያገኝ ወይም እስኪሰረዝ ድረስ ሂደቱ ፈጽሞ አይወገድም። የጃቫ ቋንቋ ባለሙያዎችም አንድን የሥራ ክር ከውጭ በግድ የሚያስቆመውን ትእዛዝ እ.ኤ.አ. በ1998 በወጣው እትም እንዳይሠራበት መክረዋል። ምክንያቱ የሚቆመው ክር የያዛቸውን ቁልፎች ባልተስተካከለ መረጃ ላይ ከፍቶ ስለሚሄድ ነው። ችግሩ እንግዲህ የአንድ ድርጅት ወይም የአንድ ቋንቋ ጉድለት አይደለም።

ግምቱ የፈረሰበት ጊዜ

ከዐሥር ዓመት በላይ ጥልቁ እንቅልፍ ብዙ አላስቸገረም። ነገሩን የለወጠው ኔትወርክ ነው። ሰን ማይክሮሲስተምስ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1985 ኤን ኤፍ ኤስ በሚል ስም የታወቀውን የኔትወርክ ፋይል ሥርዓት አወጣ። ዓላማው በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ያለ ፋይል በራስ ዲስክ ላይ እንዳለ ሆኖ እንዲታይ ማድረግ ነበር። ይህ በሚገባ ተሳካ። ሆኖም የሩቁ ፋይል እንደ ቅርብ ዲስክ ሲቆጠር የዲስክን ጥልቅ እንቅልፍም አብሮ ወረሰ።

የኤን ኤፍ ኤስ አዘጋጆች ሰርቨሩ ስለ ደንበኞቹ ምንም ማስታወሻ እንዳይዝ አደረጉ። ሰርቨሩ ቢወድቅና ቢነሣ ደንበኛው ያንኑ ጥያቄ መደጋገም ብቻ ይበቃዋል። ጠንካራ በሚባለው አያያዝ ደንበኛው መልስ እስኪያገኝ ድረስ ያለ ገደብ ይጠይቃል፤ በተርሚናሉም ላይ ሰርቨሩ መልስ እንደማይሰጥ ይገልጻል። ልል በሚባለው አያያዝ ደግሞ ከተወሰነ ሙከራ በኋላ ስሕተት ይመልሳል። ሁለተኛው የሚሻል ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ብዙ ፕሮግራሞች የተጻፉት የዲስክ ንባብና ጽሕፈት በመካከል አይቋረጥም በሚል እምነት ስለሆነ ስሕተቱን ሳያዩ ያልፉታል፤ የጎደለ ፋይልም ሙሉ መስሎ ይቀመጣል። ለመረጃው ደኅንነት ሲባል ጠንካራው አያያዝ ተመረጠ።

ውጤቱም ይህ ሆነ። በ70 ሚሊሰኮንድ የተለካው ጥበቃ የሰርቨሩ ኃላፊ ከዕረፍት እስኪመለስ ሊረዝም ቻለ። በሌላ ሕንፃ የአንድ ገመድ መነቀል በዚህኛው ሕንፃ ያሉ ፕሮግራሞችን በጥልቅ እንቅልፍ አስቀረ። ሌስሊ ላምፖርት እ.ኤ.አ. በ1987 የተበታተነ ሥርዓትን ሲገልጹ፣ መኖሩን እንኳ የማያውቁት ኮምፒዩተር ሲበላሽ የራስን ኮምፒዩተር ከጥቅም ውጪ የሚያደርግ ነው ማለታቸው የዘመኑን ምሬት በሚገባ ያሳያል።

መካከለኛው መፍትሔ

እ.ኤ.አ. በ1991 በፊንላንድ በሊነስ ቶርቫልድስ የተጀመረው ሊኑክስ ሁለቱን እንቅልፎች ከዩኒክስ ወረሰ። በሂደቶች ዝርዝር ላይ ጥልቁን እንቅልፍ «ዲ» በምትባለው የላቲን ፊደል ያመለክታል። እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮም እነዚህን ተኚዎች በሥርዓቱ የጭነት ልክ ውስጥ ይቆጥራቸዋል። ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈትቶ ሳለ የጭነቱ ቁጥር ከፍ ብሎ የሚታይበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

መሻሻል የመጣው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። በዚያ ዓመት በሚያዝያ ወር በወጣው የሊኑክስ ከርነል 2.6.25 ማቲው ዊልኮክስ ያዘጋጁት ሦስተኛ ዓይነት እንቅልፍ ገባ። ይህ እንቅልፍ ለሌሎች ምልክቶች ደንቆሮ ሲሆን ለገዳዩ ምልክት ብቻ ይነቃል። ሐሳቡ ቀላልና የተስተካከለ ነው። የዲስክ ንባብ እንዳይቋረጥ ያስገደደው አንዱ ምክንያት ፕሮግራሞች መቋረጡን ስለማይጠብቁ ነበር። የሚሞት ፕሮግራም ግን ወደ ራሱ ጽሑፍ ስለማይመለስ ግማሽ የሆነውን ውጤት አያይም፤ ሊሳሳትበትም አይችልም። ስለዚህ ከርነሉ የያዘውን ቁልፍ በሥርዓት የሚያስለቅቅበት መንገድ ካለው ሂደቱን ሊያሰናብተው ይችላል።

ኤን ኤፍ ኤስን መጠበቅ በዚህ መንገድ ተሻሽሏል። ይሁን እንጂ መፍትሔው በየቦታው በእጅ የሚገባ ነው፤ በእያንዳንዱ ጥበቃ ላይ የመውጫ መንገድ መጻፍ ያስፈልጋል። ያልተጻፈበት ቦታ ብዙ ነው፤ የመሣሪያውን መልስ በሚጠብቅ ሜሞሪ ላይ ደግሞ መጻፍም አይቻልም። አዲሱ እንቅልፍ በዝርዝሩ ላይ በዚያችው «ዲ» ፊደል ስለሚታይ ፊደሏን ማየት ብቻውን ሂደቱ የማይገደል መሆኑን አያረጋግጥም።

ለሥራ የሚጠቅመው

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት በዕለት ተዕለት ሥራ ላይ የሚውል ነው። በቅድሚያ ሁለት የማይሞቱ የሚመስሉ ነገሮችን መለየት ያሻል። በ«ዜድ» ፊደል የሚታየው ሂደት ቀድሞ የሞተ ነው። ሜሞሪም ሆነ ፋይል አልያዘም፤ የቀረው ወላጁ የመጨረሻ ውጤቱን እስኪቀበል የሚጠብቅ የመዝገብ መስመር ብቻ ነው። የሞተን መግደል ስለማይቻል ወላጁን መመልከት ይገባል። በ«ዲ» የሚታየው ግን ሕያው ነው፤ የሆነ ነገር ይጠብቃል።

ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ እንደሚባለው፣ ትክክለኛው ጥያቄ «ይህን እንዴት ልግደለው?» ሳይሆን «ይህ ምን እየጠበቀ ነው?» የሚለው ነው። ሊኑክስ ለዚህ መልስ ይሰጣል። ሂደቱ በከርነሉ ውስጥ የቆመበትን ሥራ ስም ማየት ይቻላል። በብዙ ተከላዎችም ከርነሉ ከ120 ሰኮንድ በላይ በዚህ ሁኔታ የቆየውን ሂደት በመዝገቡ ላይ በራሱ ይጽፋል። ስሙ ወደ ኔትወርክ ፋይል የሚያመለክት ከሆነ ሰርቨሩን ወይም ገመዱን መመርመር ነው። ሰርቨሩ ሲመለስ ተኚዎቹ ይነቃሉ፤ ቀድሞ የተጻፈባቸው የሞት ምልክትም ያኔ ይፈጸማል። ሰርቨሩ የማይመለስ ከሆነ ግንኙነቱን በግድ ማላቀቅ ጥያቄዎቹ በስሕተት እንዲመለሱ ሊያደርግ ይችላል። ስሙ ወደ ዲስክ የሚያመለክት ከሆነ ደግሞ ዲስኩ ራሱ ሊሞት የተቃረበ መሆኑን መጠርጠርና መጠባበቂያ ቅጂ መኖሩን ማረጋገጥ ይቀድማል።

ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ ማስነሣት የመጨረሻው መንገድ ነው። ወደ ዲስክ ገና ያልደረሰ በሜሞሪ ላይ የተቀመጠ ጽሑፍ በዚያች ደቂቃ ይጠፋል፤ የተበላሸውን መሣሪያ የሚጠቁመው ምልክትም አብሮ ይጠፋል። በተኛው ሂደት ምክንያት ሥርዓታዊው መዝጋት ራሱ ሊታገድ እንደሚችልም መዘንጋት የለበትም።

አዳዲስ ሥርዓቶችን ለሚነድፉ ባለሙያዎች ደግሞ የስድስተኛው እትም ቁጥሮች ሌላ ነገር ያሳስባሉ። የዚያን ጊዜ ጸሐፊዎች በእያንዳንዱ ጥበቃ ላይ ቆም ብለው ይህ ጥበቃ ምን ያህል ይረዝማል፣ ሂደቱስ ምን ይዟል ብለው መጠየቅ ነበረባቸው። መልሱ ለዘመናቸው መሣሪያ ትክክል ነበር። መሣሪያው በኔትወርክ ሲተካ ግን ጥያቄው እንደገና ሳይጠየቅ የድሮው መልስ ብቻ ተላለፈ። ዛሬ ዲስክ የሚመስለው ነገር ብዙ ጊዜ በሌላ ከተማ ያለ ኮምፒዩተር ነው። በዚያ ላይ የሚሠራ ፕሮግራም የሚጽፍ ባለሙያ ለእያንዳንዱ ጥበቃ የጊዜ ገደብና የመውጫ መንገድ ገና ሲጀምር ቢያዘጋጅ፣ ከእርሱ በኋላ በሌሊት ተረኛ የሚሆነው ባልደረባው የማይፈጸም ትእዛዝ ሲደጋግም አያድርም።